ፎቁ ምን አጠፋ? ስለ ሎስ አንጀለስ ዳውንታውን ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። አራት ሰው ነው የላከልኝ። ጸሐፊው ሎስ አንጀለስን ሦስት ቀን ጎብኝተው የጻፉት ነው። ዳውንታውን፣ ማለትም መሀል ከተማው፣ አድረው፣ ዳውንታውን በልተው፣ ተናደው ተመልሰዋል።

ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው። ከተማዋ አሮጌ ነገር የላትም። ፎቆቿ አናታቸው የተቆረጠ ሳጥን ናቸው፤ ይህም የአርክቴክቶች ስንፍና ነው። ባንከር ሂል የሚባለውን የድሮ ሰፈር ማፍረሷ ግን ደግ ሥራ ነው። ቤተ መጻሕፍቷ «አየር ሸጦ» ፎቅ አስገንብቷል፤ ማጭበርበር ነው። ዳውንታውን የሞተው ፓርኪንግ ስለጠፋ ነው። መሞቱን የሚጠራጠር ካለ በግራፊቲ የተለቀለቁትን ሦስት ፎቆች ሄዶ ይይ።

አጻጻፋቸው ያምራል። አንዳንድ ትዝብታቸውም እውነት ነው። ግን እኔ እዚያው ዳውንታውን፣ ከምድር በታች ሦስተኛ ወለል ላይ፣ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ስድስት ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ፎቅን ከሥሩ ሲያይ የኖረ ሰው ከላይ ካየው ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«አሮጌ ነገር የላትም» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ብሮድዌይና ሦስተኛ መንገድ ጥግ ላይ ብራድበሪ የሚባል ሕንጻ አለ። የተሠራው በ1893 ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ ባለ አምስት ፎቅ የጡብ ቤት ነው፤ ዝም ብለው ያልፉታል። ገባ ሲሉ ግን ጣሪያው መስታወት ነው። ብርሃን ከላይ እስከ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። የደረጃው መደገፊያ ጥልፍ የመሰለ ብረት ነው። አሳንሰሩ ግድግዳ የለውም፤ ሲወጣና ሲወርድ ሰውነቱ ሁሉ ይታያል። ጎብኚ ከመጀመሪያው የደረጃ ማረፊያ በላይ አይወጣም፤ ግን እዚያ ቆሞ ቀና ማለት ይበቃል። መንገዱን ሲሻገሩ ግራንድ ሴንትራል ማርኬትን ያገኛሉ፤ ከ1917 ጀምሮ ገበያ ነው። ብሮድዌይን ይዘው ወደ ታች ቢወርዱ ደግሞ አሥራ ሁለት የድሮ ሲኒማ ቤቶች አሉ። ጸሐፊው በሦስት ቀን ውስጥ ብሮድዌይ ላይ አንዴ እንኳ በእግራቸው አልሄዱም ማለት ነው።

ወደ ጣሪያው ልሂድ። የሚጣፍጠው እሱ ነው።

ከሩቅ ሲያዩት እውነታቸውን ነው፤ የሎስ አንጀለስ ፎቆች ጠፍጣፋ ናቸው። ኒውዮርክና ቺካጎ ላይ ያለው ሹል፣ ቁንጮ፣ ዘውድ እዚህ አይበዛም። ግን ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። በ1974 የከተማዋ የእሳት አደጋ ደንብ እያንዳንዱ ረጅም ፎቅ አናቱ ላይ የሂሊኮፕተር ማረፊያ ይኑረው አለ። ሹል ጣሪያ ላይ ሂሊኮፕተር አያርፍም። ነገሩ ይኸው ነው። አርክቴክቱ የፈለገውን ቢያስብ፣ መጨረሻ ላይ አናቱን ጠፍጣፋ አድርጎ መዝጋት ነበረበት። በ1989 የተሠራውና 310 ሜትር የሚረዝመው የዩ.ኤስ. ባንክ ታወር እንኳ ዙሪያውን የመስታወት ዘውድ ደፍቶ መሀል አናቱ ላይ ማረፊያ ነው ያለው።

ደንቡም የሞኝ ደንብ አልነበረም። በግንቦት 1988 አንድ ሌሊት ባለ 62 ፎቁ የፈርስት ኢንተርስቴት ባንክ ሕንጻ ተቃጠለ። እሳቱ ከ12ኛው ፎቅ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። ጣሪያ ላይ የደረሱ ሰዎችን ሂሊኮፕተር ነው ያወረዳቸው። አንድ የሕንጻው ሠራተኛ ግን ምን እንደተፈጠረ ሊያይ በአሳንሰር ሲወጣ ሞተ። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ «ማረፊያውን ተዉት» ይላል?

ደንቡ የተነሣው በ2014 ነው። ዊልሻየር ግራንድ የሚባለው ፎቅ ደግሞ ከዚያ በፊት በልዩ ፈቃድ አምልጦ ነበር። የተሻለ የኮንክሪት እምብርት፣ ተጨማሪ ደረጃና ሌላም ጥንቃቄ ሰጥቶ ሹል አናት ተቀበለ። 73 ፎቅ ነው፤ ከነዘንጉ 335 ሜትር። በ2017 ተከፈተ። የመሠረቱ ኮንክሪት የፈሰሰ ለት ዳውንታውን የሲሚንቶ መኪና ሰልፍ ሆኖ ነበር የዋለው፤ 21,200 ኪዩቢክ ያርድ ሳይቋረጥ ፈሰሰ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ።

ጸሐፊው አንድ ስሕተት ደርበዋል። የድሮው ዳውንታውን አጭር የሆነው «የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርተው ነው» ይላሉ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰውም ይህን ያምናል። ግን የመጀመሪያው የከፍታ ገደብ የወጣው ሳንፍራንሲስኮ በ1906 ከመናወጧ በፊት ነው። ያኔ ያስጨነቃቸው ፀሐይ ነበር። ኒውዮርክ መንገዶቿ በፎቅ ተከበው ጨለማ ገደል ሲሆኑ አይተዋል። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ሰው የምትጠራው በፀሐይዋ ነው፤ ፀሐይዋን መጋረድ ከኪስዋ እንደመስረቅ ነው። ገደቡ 150 ጫማ ላይ ረጋ። 46 ሜትር አካባቢ፣ አሥራ ሦስት ፎቅ መሆኑ ነው። እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ጸና። ስፕሪንግ ጎዳና ላይ ቆመው ቀና ቢሉ ጣሪያዎቹ በክር የተለኩ ይመስላሉ። ክሩ ያ ደንብ ነው። በሕዝብ ድምፅ ከዚህ ያመለጠው የ1928ቱ ማዘጋጃ ቤት ብቻ ነው፤ 138 ሜትር ሆኖ ለዓመታት ብቻውን ቆመ።

ደግሞ የሚገርመው፣ ማዘጋጃ ቤቱን ከነደፉት ሦስት አርክቴክቶች አንዱ አልበርት ማርቲን ነው። ዊልሻየር ግራንድን የነደፈው ድርጅት ደግሞ እሱ ያቋቋመው ነው። ሁለቱም ጊዜ ከደንቡ አምልጦ የቆመው ፎቅ ከአንድ ቤት ወጣ።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ልምጣ። ባንከር ሂል።

ጸሐፊው «ቆሻሻ ሰፈር ነበር፤ ጠረጉት፤ አበጁ» ብለዋል። ባንከር ሂል ከዳውንታውን በስተ ምዕራብ ያለ ኮረብታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሀብታም ሰፈር ነበር፤ ባለ ግንብ፣ ባለ ሰገነት የእንጨት ቤቶች የተደረደሩበት። ሀብታሙ መኪና ገዝቶ ወደ ዳር ሲወጣ ቤቶቹ ክፍል ክፍል ተከፋፍለው ተከራዩ። ጡረተኛ ገባ፤ ስደተኛ ገባ፤ ብቸኛ ሰው ገባ። ቀለሙ ለቀቀ፤ ቧንቧው አንጠባጠበ። እውነት ነው፣ ያረጀ ሰፈር ነበር። ግን ሰው ይኖርበታል። አብዛኛው ደግሞ ተከራይ ነው፤ ሲፈርስ ካሣ የሚሄደው ለባለቤቱ ነው።

በ1959 ከተማዋ ዕቅዱን አጸደቀች። አሠራሩ እንዲህ ነው። መልሶ ማልማት የሚባል መሥሪያ ቤት አንድን ሰፈር «የተጎሳቆለ» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ ባለቤቱ ባይፈልግም ገምቶ መግዛት ይችላል። መሬቱ ሲለማ የሚጨምረው የንብረት ግብር ደግሞ ለዚያው መሥሪያ ቤት ይገባል። እንግዲህ ፈራጁም ገዢውም አንድ ነው። 133 ኤከር መሬት እንዲህ ተጠረገ። ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ኮረብታው ራሱ አናቱ ተላጨ። ካሊፎርኒያ እነዚህን መሥሪያ ቤቶች በ2012 ዘጋቻቸው።

የቀሩት ሁለት ቤቶች ነበሩ። አንዱ «ዘ ካስል»፣ ሌላው «ሶልት ቦክስ» ይባላል። በ1969 ተነቅለው ለቅርስ ወደተዘጋጀ ሌላ ቦታ ተጓዙ። እዚያ ቆመው ገና ሳይታደሱ፣ በዚያው ዓመት፣ ሰው እሳት ለቀቀባቸው። ሁለቱም አመድ ሆኑ።

«አበጁ» ለሚለው፣ መቼ ነው ያበጁት? ግራንድ ጎዳና ላይ፣ ከዲዝኒ ኮንሰርት አዳራሽ ፊት ለፊት ያለው መሬት ፓርኪንግ ሆኖ ኖሮ ኖሮ ሕንጻ የተከፈተበት በ2022 ነው። ከዕቅዱ 63 ዓመት በኋላ። የተባረሩት ጡረተኞች ይህን አላዩም። ዲዝኒ አዳራሹ ራሱ በ2003 ሲከፈት ጥሩ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ምንም እንኳ መጀመሪያ ላይ የሚያብለጨልጨው ብረቱ ፀሐይ እያነጠረ ጎረቤት ያሉትን አፓርታማዎች ቢያግልና በኋላ በማሽን ቢፈገፈግም።

ከባንከር ሂል የተረፈ አንድ ነገር አለ፤ ኤንጅልስ ፍላይት። ኮረብታውን በሐዲድ የሚወጡ ሁለት ብርቱካናማ ፉርጎዎች ናቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ በገመድ ተያይዘዋል። በ1901 ጀመሩ፣ በ1969 ተነሡ፣ በ1996 ግማሽ ብሎክ ወደ ጎን ተዛውረው ተመለሱ፤ አደጋ ደርሶባቸው ተዘጉ፣ ተከፈቱ፣ እንደገና ተዘጉ፣ ከ2017 ወዲህ ይሠራሉ። ስማቸው ሳይናይና ኦሊቬት ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ደብረ ሲናና ደብረ ዘይት በገመድ ታስረው አሜሪካ ገቡ?» ብላ ሳቀች።

የቤተ መጻሕፍቱ ነገር ደግሞ ጸሐፊው ከሁሉም በላይ የተሳሳቱበት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ተሳልቀዋል። ተረቱ ያምራል፤ ግን እዚህ ላሟ ታልባለች።

እያንዳንዱ መሬት ላይ ምን ያህል ወለል መሥራት እንደሚቻል ከተማዋ ወስናለች። በ1926 የተከፈተው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ሰፊ መሬት ላይ የተቀመጠ አጭር ሕንጻ ነው። ከተፈቀደለት ወለል የተጠቀመው ጥቂቱን ነው። የተረፈውን፣ ከጣሪያው በላይ ያለውን ያልተሠራ ወለል፣ ለጎረቤት ገንቢ ሸጠ። ገንቢው በራሱ መሬት ላይ ከሚፈቀድለት በላይ ወጣ። ያ ነው የ310 ሜትሩ ፎቅ። የመጀመሪያ ስሙም «የቤተ መጻሕፍት ታወር» ነበር። የሽያጩ ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍቱ እድሳት ዋለ።

ማጭበርበር የሚሉት ሌላው አማራጭ ምን እንደነበር ካላወቁ ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍቱን አፍርሳ ቦታውን ልትሸጥ በተደጋጋሚ አስባለች። የምዕራብ በኩሉን የአትክልት ቦታ በ1969 ነቅለው አስፋልት አድርገውት ነበር፤ ለሠራተኛ መኪና ማቆሚያ። ዛሬ ቅርስ የሚከላከለው የሎስ አንጀለስ ኮንሰርቫንሲ በ1978 የተመሠረተው ይህን ሕንጻ ለማዳን ነው። ከዚያ ሚያዝያ 1986 ላይ እሳት ተነሣ። ከሰባት ሰዓት በላይ ነደደ። 400,000 መጽሐፍ አለቀ፤ 700,000 ያህሉ በውኃና በጢስ ተጎዳ። በሺህ የሚቆጠር ሰው በገዛ ፈቃዱ መጥቶ ሰንሰለት ሠርቶ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ አቀበለ። የረጠበው እንዳይሻግት ምግብ በሚቀዘቅዝባቸው መጋዘኖች ውስጥ በረዶ ሆኖ ተቀመጠ። ሕንጻው ታድሶ የተከፈተው በ1993 ነው፤ አስፋልቱም ተነስቶ አትክልቱ ተመለሰ። አየሩ ባይሸጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር?

እኔ ሥራ ፈትቼ በነበረ ጊዜ ቀን ቀን የምውለው እዚያ ነበር። የሚያሞቅ፣ የማያስከፍል፣ የማያባርር ቤት ዳውንታውን ውስጥ ሌላ አላገኘሁም።

ፓርኪንግ። እዚህ ላይ ውሻ በበላበት ይጮሃል ብትሉኝ ልክ ናችሁ፤ እንጀራዬ ነበር። ግን እንጀራዬ በመሆኑ ነው የማውቀው።

ጸሐፊው መኪና ማቆሚያ ፈልገው አርባ ደቂቃ ዞረዋል፤ አዝናለሁ። ግን ከዚያ ተነስተው «ፓርኪንግ አነሰ፤ ስለዚህ ሞተ» ሲሉ ነገሩን ገለበጡት። ዳውንታውንን የበላው ፓርኪንግ ነው። የድሮ ቤት ይፈርሳል፣ ቦታው አስፋልት ይሆናል፣ ባለቤቱ ሳይሠራ በየቀኑ ይሰበስባል። ፐርሺንግ አደባባይ ትልልቅ ዛፎች የነበሩት መናፈሻ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተቆፍሮ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠራበት፤ ዙሪያውን የመኪና መውረጃ ከበበው። እስካሁን አልዳነም። ሰው ወደ መናፈሻው ለመግባት የመኪና መግቢያ እያለፈ ነው።

የዳውንታውንን ሞት የፈታውም የፓርኪንግ ደንብን መልቀቅ ነው። የስፕሪንግና የብሮድዌይ ፎቆች ለአሥርተ ዓመታት ከታች ሱቅ፣ ከላይ ባዶ ነበሩ። መኖሪያ እንዳይሆኑ ያገዳቸው አንዱ ነገር ለእያንዳንዱ ቤት መኪና ማቆሚያ አምጣ የሚለው ሕግ ነው። በ1910 የተሠራ ፎቅ ማቆሚያ ከየት ያመጣል? በ1999 ከተማዋ አዲስ ደንብ አወጣች። ያረጀ ሕንጻ ወደ መኖሪያ ሲለወጥ ያለውን ማቆሚያ ይያዝ፣ ሌላ አይጠየቅም አለች። በዓመቱ አራተኛና ሜይን መንገድ አካባቢ ተከራይ ገባ። በ1930 የተሠራው ኢስተርን ኮለምቢያ፣ ያ ቱርኩዋዝ ቀለም ያለው ሰዓት የተንጠለጠለበት፣ መኖሪያ ሆነ። በዚህ ደንብ እስካሁን ከ12,000 በላይ ቤት ተገኝቷል።

እኔ ከዳሴ ሆኜ ይህን ለውጥ ያየሁት በቁጥር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወለሉን ዞሬ ስቆጥር አሥራ አንድ መኪና ብቻ አገኝ ነበር፤ ከሁለት መቶ ቦታ። የቀረው የተቀባ መስመርና የፓምፕ ድምፅ ነው። እየቆየ ሌሊት በእግር የሚያልፍ ሰው በዛ። ፒጃማ ለብሳ ውሻ የምታናፍስ ልጅ በመኪናው መውረጃ በኩል እያሳበረች ታልፍ ነበር። መኪና የላትም። አንድ ቀን «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላት «ከላይ ነው የምኖረው፤ ዝናብ ነው» አለችኝ። አለቃዬ እንዳትገባ አስጠንቅቅ ብሎኝ ነበር። አላስጠነቀቅኩም።

የመጨረሻው ግራፊቲው ነው። ከስፖርት አዳራሹ ፊት ለፊት ያሉት ሦስት ፎቆች ያሳፍራሉ፤ አልከራከርም። ግን ቅደም ተከተሉን እንይ። ኦሽንዋይድ ፕላዛ የሚባለው ይህ ግንባታ በ2015 ተጀመረ፤ ገንዘብ አጥሮት በ2019 ቆመ። ግራፊቲው የመጣው በ2024 መጀመሪያ ነው። ሬሳው አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ የመጣን ዝንብ ገዳይ ነው አይባልም።

እውነተኛው በሽታ ቢሮው ላይ ነው። ያ በ1988 የተቃጠለው ባለ 62 ፎቅ ዛሬ ኤዎን ሴንተር ይባላል። በ2014 በ269 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ፣ በ2023 በ148 ሚሊዮን አካባቢ ተሸጠ። ከኮቪድ በኋላ ሠራተኛው ቤቱ ቀረ። «ታዲያ እንደ ድሮዎቹ መኖሪያ ይሁና» ማለት ቀላል ነው፤ ፎቁ ግን እምቢ ይላል። የ1920ዎቹ ሕንጻ የተሠራው ኤሲ ሳይኖር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል መስኮት አጠገብ እንዲሆን ተደርጎ፣ መሀሉ ለብርሃን ተከፍቶ ነው የተነደፈው። የ1970ዎቹና 80ዎቹ ፎቅ ግን ወለሉ ሰፊ ነው፤ መሀሉ መስኮት አያይም፣ መስታወቱም አይከፈትም። ማን ነው መኝታ ቤቱን እንደ ምድር ቤት ጨለማ ውስጥ የሚያደርግ? እኔ ኖሬበታለሁ፤ ደሞዝ እየተከፈለኝ።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ጨርሶ ሳያነሡት ማለፋቸው ገርሞኛል። ከብራድበሪ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ብሎክ ቢሄዱ ቤት አልባዎች የሰፈሩበት ስኪድ ሮው ነው። ሃምሳ ብሎክ ያህል ነው፤ ድንኳን በድንኳን። ይህም ዝም ብሎ የሆነ አይደለም። በ1976 ከተማዋ ባወጣችው ዕቅድ ርካሽ ሆቴሎቹና የእርዳታ ድርጅቶቹ እዚያው እንዲሰበሰቡ፣ ድሃውም ከዚያ እንዳይወጣ ተወሰነ። የድሆች ጠበቃዎችም ያኔ ደግፈውታል። ሌላው ምርጫ እንደ ባንከር ሂል በዶዘር መጠረግ ስለነበር። ሆቴሎቹ ተረፉ፤ ሰዎቹም ታጠሩ። ስለዚህ ቢጽፉ ኖሮ እኔም ጽሑፋቸውን ለአራት ሰው እልክ ነበር።